ኩርታን ማን ወለዳት?

«ችግር በቅቤ ያስበላል» እንላለን። ስለ ኩርታ የሒሳብ መኪና የሚጽፉም ይቺኑ ተረት የሚያስታውስ ነገር ይላሉ፦ በናዚ እስር ቤት ተወለደች። እውን እንዲህ ነው? እስቲ መኪናዋን ከፍተን እንይ።

ኩርታ ባትሪ የላትም። ቁመቷ 8.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ በመዳፍ ውስጥ ትገባለች። አናቷ ላይ የሚዞር እጀታ ስላላት የቁንዶ በርበሬ መፍጫ ብለው ቀልደውባታል። ትንሿ ዓይነት ብቻ 605 ብልቶች አሏት።

በላይብኒዝ ዘዴ የተሠሩት የቀድሞ መኪናዎች ለአንድ ቤት፣ ለዐሥር ቤት፣ ለመቶ ቤት ለየብቻው ጥርሳም በርሜል ይፈልጉ ስለነበር ጠረጴዛ ይይዙ ነበር። የቪየናው ኩርት ሄርዝስታርክ በርሜሉን አንድ ብቻ አድርጎ መሐል ላይ አቆመው፤ የቁጥሮቹን ዘንጎች ዙሪያውን ደረደራቸው። እጀታው አንዴ ሲዞር አንዱ በርሜል ለሁሉም ይደርሳል።

መቀነስስ? እሱም በመደመር ነው! ከ742 ላይ 268ን እንቀንስ። የ268 እያንዳንዱ አኃዝ 9 ለመሙላት የሚጎድለው ሲጻፍ 731 ነው። 742 ሲደመር 731፣ 1473፤ አንድ ስንጨምር 1474፤ የፊተኛዋን 1 ስንጥላት 474። በርሜሉ ለዚሁ ሥራ ሌላ የጥርስ ረድፍ አለው፤ እጀታውን ትንሽ ወደ ላይ መሳብ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። ሄርዝስታርክ ሐሳቡን ለፓተንት ያቀረበው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት ናዚዎች ኦስትሪያን ያዙ፤ ሥራው ተቋረጠ። አባቱ አይሁዳዊ ነበሩ። እሱም በ1943 ታስሮ ቡኸንቫልድ ማጎሪያ ገባ። አሳሪዎቹ ንድፉን እንዲሥል ፈቀዱለት፤ ለምን ቢባል፣ ከድል በኋላ ለሂትለር ስጦታ እንድትሆን! ሥራው ዕድሜውን ያራዝምለት እንደሆነ ማሰቡን በኋላ ራሱ ተናግሯል። ሚያዝያ 1945 ካምፑ ነፃ ሲወጣ ንድፉ በእጁ ነበር። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሊክተንስታይን 140,000 ያህል ኩርታዎች ተሠሩ፤ በ1970ዎቹ መግቢያ ኤሌክትሮኒክስ ገበያውን ወሰደባቸው።

እንግዲህ እናስላ። አንዱ በርሜልም ሆነ በመደመር መቀነሱ ከእስሩ በፊት የታሰቡ ናቸው። ዝርዝር ንድፉ እዚያ መሣሉ እውነት ነው፤ ግን ሰውየው ቪየና በሰላም ቢቀመጥ ኖሮ አይሥለውም ነበር? ማጎሪያው ዓመታት ወሰደበት እንጂ ሐሳብ አልሰጠውም። ኩርታን ስናደንቅ ምስጋናው ለአሳሪዎቹ እንዳይደርስ እንጠንቀቅ።