የዲዝኒ ኢንፊኒቲ አሻንጉሊቶች
የዲዝኒ ኢንፊኒቲ አሻንጉሊቶች ምርቱ ከተቋረጠውና ተመሳሳይ ስም ካለው የቪዲዮ ጌም ጋር አብረው የሚሠሩ፣ ዛሬ በአብዛኛው በልጅነት ናፍቆት የሚሰበሰቡ የፕላስቲክ ምስሎች ናቸው። ጌሙ በአቫላንች ሶፍትዌር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2013 ለገበያ ቀረበ። የማርቬል ገጸ ባሕሪያት በ2014፣ የስታር ዋርስ ደግሞ በ2015 ተጨመሩበት።

በእያንዳንዱ ምስል መቆሚያ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለች። ለምሳሌ የፊልም ገጸ ባሕሪው የካፒቴን ጃክ ስፓሮው ምስል ከጌም ማጫወቻው ጋር በተገናኘ ሰሌዳ ላይ ሲቆም ገጸ ባሕሪው ወዲያው ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ የደረሰበት ደረጃም ቺፗ ላይ ይመዘገባል። ስለዚህ አሮጌ ምስል የቀድሞ ባለቤቱን ጨዋታ አሻራ ሊይዝ ይችላል፤ ከተራ አሻንጉሊት የሚለየውም በዋናነት ይህ ነው።

ዲዝኒ ምርቱን በሜይ 2016 ማቆሙን አስታወቀ። አዲስ ምስል ስለማይወጣ ስብስቡን አሟልቶ መጨረስ ይቻላል፤ ምስሎቹ ግን በጨዋታ የሚያገለግሉት ሰሌዳው፣ የጌሙ ዲስክና የዘመኑ ማጫወቻ እስካሉ ድረስ ነው።