«ሂድ፣ ኑር፣ ሁን»፦ ስለ ዘረኝነትና ስለ መቤዠት የሚናገረው ፊልምና የተመልካቾቹ ልዩ ልዩ አስተያየት

አንዲት ክርስቲያን እናት የዘጠኝ ዓመት ልጅዋን ከረሃብ ለማትረፍ በሌላ ልጅ ስም፣ በሌላ ሃይማኖትና በሌላ አገር እንዲኖር ብትሰድደው ምን ትሏታላችሁ? ልጅዋን ውሸት አስተማረችው ትላላችሁ? ወይስ ራሷን ትታ ልጅዋን አዳነች ትላላችሁ?

በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2005) ለሕዝብ የቀረበ አንድ ፊልም የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። የፈረንሳይኛ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» ማለት ነው። ልብ የሚነካ ፊልም ነው ብለው የሚመሰክሩለት ብዙዎች ናቸው፤ የሚተቹትም አሉ። ይህ ጽሑፍ የፊልሙን ታሪክ፣ የተነሣበትን እውነተኛ ታሪክና ተመልካች የሚለያይባቸውን ነጥቦች በአጭሩ ያስረዳል። በተለይ በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ ለምትኖሩ ወገኖች ጉዳዩ ቅርብ ነው፤ የታሪኩ ሥር ያለው በእናንተው አካባቢ ነውና።

ፊልሙ ምን ይተርካል?

ዳይሬክተሩ ራዱ ሚሃይሊያኑ ይባላል። በሩማንያ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወልዶ በፈረንሳይ የሚሠራ ሰው ነው። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ገጸ ባሕርያቱ በአማርኛ፣ በዕብራይስጥና በፈረንሳይኛ ይነጋገራሉ። (ፊልሙን ገና ያላያችሁ፣ መጨረሻውም እዚህ ተጠቅሷልና አስቀድማችሁ እወቁ።)

ታሪኩ የሚጀምረው በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በሚገኝ የስደተኞች ካምፕ ነው። ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሊወሰዱ ተዘጋጅተዋል። ሐና የምትባል ቤተ እስራኤላዊት ልጅዋ ሞቶባታል። በዚያው ካምፕ ያለች ክርስቲያን እናት የራሷን ልጅ ወደ ሐና ትልከዋለች። ሐናም ትቀበለዋለች፤ የሞተውን ልጅዋን ስም ትሰጠዋለች፤ የአባትና የአያት ስም ታስጠናዋለች። እስራኤል ከደረሱ በኋላ ግን እርሷም ብዙ ሳትቆይ ትሞታለች። ልጁ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት እናቶች አጣ ማለት ነው።

ሽሎሞ ተብሎ የተጠራው ይህ ልጅ በያኤልና በዮራም ቤት በማደጎ ያድጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግብ እምቢ ይላል፤ አልጋ ትቶ መሬት ላይ ይተኛል፤ በመታጠቢያ ቤት የሚፈስሰው ውኃ ሲባክን አይቶ ይደነግጣል። ማታ ማታ ከጨረቃ ጋር ስለ እናቱ ይነጋገራል። በትምህርት ቤት የሌሎች ልጆች ወላጆች «በሽታ ያመጣብናል» ብለው ሲፈሩት፣ አሳዳጊ እናቱ በፊታቸው የልጁን ፊት እየላሰች ንጹሕ መሆኑን ታሳያቸዋለች። ሲጎረምስ ሣራ የምትባል ልጅ ይወድዳል፤ አባቷ ግን በቆዳው ቀለም ምክንያት ይጠላዋል። በመጨረሻ በፓሪስ ሕክምና ተምሮ ሐኪም ይሆናል፤ ሣራንም ያገባል። እውነቱን ለሚስቱ የሚነግራት ግን ዘግይቶ ነው። ፊልሙ የሚያበቃው ሐኪም ሆኖ ወደ ስደተኞች ካምፕ ተመልሶ እናቱን ሲያገኛት ነው።

እውነተኛው ታሪክ

ሽሎሞ የፈጠራ ሰው ነው፤ ጉዞው ግን በእውነት የተፈጸመ ነው። ቤተ እስራኤላውያን በስሜን፣ በወገራ፣ በደንቢያ፣ በበለሳ፣ በሊቦና በሌሎችም የቀድሞው በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ቦታዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። ሊቦ ዛሬ በደቡብ ጎንደር ዞን ውስጥ ነው። ወንዶቹ በብረት ቀጥቃጭነትና በሸማ ሥራ፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ይታወቁ ነበር። አብዛኞቹ ርስት ስላልነበራቸው የሰው መሬት እያረሱ ይኖሩ ነበር።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ብዙዎች በእግራቸው ወደ ሱዳን ወጡ። በመንገድና በካምፕ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች እንደ ሞቱ ይገመታል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተካሄደው «ዘመቻ ሙሴ» 8,000 ያህል ሰዎች በድብቅ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በ«ዘመቻ ሰሎሞን» ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ተጓጓዙ።

ከደረሱ በኋላም ፈተናው አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1985 የአገሪቱ የሃይማኖት ባለ ሥልጣናት አይሁድነታቸውን በሥርዓት እንዲያድሱ ሲጠይቋቸው አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። በጥር 1988 ዓ.ም. ደግሞ የለገሱት ደም በበሽታ ፍርሃት ምክንያት በስውር ሲጣል እንደ ኖረ ተሰማ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም በኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019 የፖሊስን በደል በመቃወም እንደገና ታላላቅ ሰልፎች ተደርገዋል። እንግዲህ ፊልሙ ስለ ዘረኝነት የሚያሳየው ነገር ከሜዳ የመጣ አይደለም።

ተመልካቾች የሚለያዩባቸው ነጥቦች

የመጀመሪያው ወገን ፊልሙን ከልቡ የወደደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ፓኖራማ በተባለው ክፍል ተመልካቾች በድምፃቸው የመረጡት ይህን ፊልም ነበር። በዚያው ክፍል ፕሮቴስታንቶችና ካቶሊኮች በጋራ የሚዳኙበት የኤኩሜኒካል ዳኞች ጉባኤም ሸልሞታል። በማግስቱ ዓመት በፈረንሳይ የሴዛር ሽልማትን በድርሰቱ አግኝቷል። እነዚህ ተመልካቾች በፊልሙ ያዩት የእናትን ፍቅርና ልዩ ልዩ ሰዎች አንድን ልጅ ተረባርበው ሲያሳድጉት ነው።

ሁለተኛው ወገን ታሪኩ እጅግ ተጨናንቋል ይላል። ረሃብ፣ ስደት፣ ማደጎ፣ ፍቅር፣ ጦርነትና ሃይማኖት ሁሉ በአንድ ልጅ ትከሻ ላይ ተጫነ፤ ተመልካቹን ለማስለቀስ ታስቦ የተሠራ ይመስላል የሚል ነው። ይህ አስተያየት ፍትሐዊ የሆነበት ቦታ አለ።

ሦስተኛው ጥያቄ ከቤተ እስራኤል ጎን ቆሞ ለሚያይ ሰው የሚነሣ ነው። እነዚህ ሰዎች አይሁድ መሆናችሁን አረጋግጡ ተብለው ለዓመታት ተፈትነዋል። ታዲያ ስለ እነርሱ የተሠራው ፊልም ዋና ገጸ ባሕርይ አይሁዳዊ ያልሆነ፣ በሐሰት የገባ ልጅ ለምን ሆነ? ይህስ የሚጠራጠሯቸውን ሰዎች አያበረታም? የሚያድኑትስ ሰዎች በአብዛኛው ነጮች ለምን ሆኑ? ይህን የሚል ሰው ፊልሙን ስላልገባው አይደለም የሚለው። ቁስሉን ስለሚያውቀው ነው።

አራተኛው ወገን እኛው፣ ወንጌል የሚያምኑ ክርስቲያኖች ነን። ከእኛ መካከል «አንድ ክርስቲያን ልጅ ማንነቱን ሰውሮ፣ የእናቱን እምነት ትቶ ሲኖር እንዴት እንደ መልካም ነገር ይታያል?» የሚል አለ። ጌታን በሰው ፊት መካድ ቀላል ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን (ማቴ. 10፥33)፤ ሐሰትንም እንድናስወግድ ተነግሮናል (ኤፌ. 4፥25)። በሌላ በኩል አስቴር ወገኗን ሳትናገር በቤተ መንግሥት ኖራለች (አስ. 2፥10)። የሙሴ እናትም ልጅዋን በሣጥን አድርጋ በወንዝ ዳር አስቀመጠችው፤ በፈርዖን ልጅ ቤትም አደገ (ዘፀ. 2፥1-10)። ፊልሙ ራሱ ውሸቱን አያሞካሽም። ሽሎሞ ከሞት ቢያመልጥም ምሥጢሩ ሲያስጨንቀው ይኖራል። ለሚስቱ እስኪናገር ድረስ ሰው እየወደደው እንኳ እንደተወደደ ማመን አይችልም።

ነገሩ በእኛው ደጅ

ስለ ፊልሙ ከመፍረዳችን በፊት አንድ ነገር እናስብ። ፊልሙ የሚያሳየው በእስራኤል የደረሰውን ንቀት ነው። እነዚሁ ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት በጎንደር ደጋ ምን ይባሉ ነበር? «ፈላሻ»፣ «ካይላ»፣ «ቡዳ» ይባሉ ነበር። ቀጥቃጩ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ፤ የታመመ ሰው ሁሉ እርሱ በልቶት እንደሆነ ተቆጠረ። ማረሻውን የሠራለት ገበሬ፣ ምጣዱንና ጀበናውን የገዛች ባልቴት ከእርሱ ጋር በአንድ ማዕድ ለመቀመጥ ይጸየፉ ነበር። አገራቸው ሳሉ በሙያቸው የተናቁ ሰዎች ባሕር ተሻግረው ደግሞ በቆዳቸው ተናቁ። የፊተኛውን ንቀት ያደረስነው ፈረንጆች ወይም እስራኤላውያን ሳንሆኑ እኛው ነን።

ለፕሮቴስታንት አማኝ ነገሩ ይበልጥ ይቀርባል። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከስዊዘርላንድ ከቅዱስ ክሪሾና የመጡ የወንጌል ሠራተኞች በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ኖረዋል። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው በእነርሱ እጅ ነው። ከዚያው ተቋም የመጣው ማርቲን ፍላድና ከእንግሊዝ የተላከው ሄንሪ ስተርን ደግሞ በቤተ እስራኤል መካከል ወንጌልን ሰብከዋል። በተሰጣቸው ፈቃድ መሠረት ያመኑት የሚጠመቁት በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። በዚያ ስብከት፣ በክፉ ቀን ረሃብና በኑሮ ጫና ክርስቲያን የሆኑት ቤተ ሰቦች ልጆች ኋላ «ፈላሽ ሙራ» ተባሉ። ቢጠመቁም የጎረቤት ሐሜት አልተዋቸውም። ዘመዶቻቸው ወደ እስራኤል ሲሄዱ ደግሞ «እናንተ ክርስቲያን ናችሁ» ተብለው ብዙዎቹ ቀሩ። በጎንደርና በአዲስ አበባ ለዓመታት ተራ የጠበቁ፣ እናት ከልጅ የተለያዩ ቤተ ሰቦች አሉ። የሽሎሞ ታሪክ የፈጠራ ቢሆንም፣ በሁለት ሕዝብ መካከል ቆሞ በሁለቱም ዘንድ ባዕድ መሆንን እነርሱ በኑሯቸው ያውቁታል።

በፊልሙ ውስጥ ወጣቱ ሽሎሞ አዳም ነጭ ነበር ወይስ ጥቁር በሚል ክርክር ላይ ይቆማል። አዳም ከሸክላ አፈር የተሠራ፣ እንደ ሸክላ ቀይ ነበር ብሎ ይመልሳል። በእኛ አገር የተናቁት ሸክላ ሠሪዎች መሆናቸውን ለሚያስታውስ ሰው ይህ መልስ ያስደነግጣል። እግዚአብሔር ራሱ ሰውን ሲሠራ እጁን በጭቃ ነክሯልና (ዘፍ. 2፥7)።

መቤዠቱ የት አለ?

ብዙ ተመልካቾች መቤዠቱን በመጨረሻው፣ ሽሎሞ እናቱን ባገኘበት ትዕይንት ይፈልጉታል። እኛ ግን ወደ መጀመሪያው ተመልሳችሁ እንድታዩት እንመክራለን። ሐና ልጅዋን ቀብራ ሳትጨርስ የሌላ ሃይማኖት ልጅ ተቀበለች። በድብቁ ጉዞ ላይ ቢታወቅባት የራሷ መዳን አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር። መቤዠት በመጽሐፈ ሩት እንደምናነበው በሌላው ዕዳ ውስጥ መግባት ነው። የቅርቡ ዘመድ ርስቱ እንዳይጎዳ ፈርቶ ሞዓባዊቱን ሩትን ትቷታል፤ ቦዔዝ ግን ዋጋ ከፍሎ ወስዷታል (ሩት 4፥1-10)። ክርስቶስም የጥልን ግድግዳ ያፈረሰው በገዛ ሥጋው ነው (ኤፌ. 2፥14-16)።

ስለዚህ ፊልሙን መውደድም አለመውደድም ይቻላል። የእናቲቱን ሥራ የምታጸድቁም የምትነቅፉም ትኖራላችሁ። ሆኖም በእስራኤል ስለሆነው እያዘንን፣ በሰፈራችን ያለውን የሸክላ ሠሪ ልጅ ለጋብቻ የምንንቅ ከሆነ እንባችን ምን ይጠቅማል? ማርያም በኢትዮጵያዊቱ የሙሴ ሚስት ምክንያት ስታማ እግዚአብሔር ዝም አላለም (ዘኍ. 12፥1-10)። ዛሬም ዝም አይልም።

ለቤት ኅብረትና ለወጣቶች ውይይት

1. ክርስቲያኒቱ እናት ያደረገችውን ከዮካብድና ከረዓብ ታሪክ (ዘፀ. 2፤ ኢያ. 2) ጋር አስተያዩ። የሚመሳሰለውና የሚለየው ምንድን ነው?

2. ሽሎሞ እውነቱን ለመናገር ለምን ዘገየ? በኅብረታችን ሰው ማንነቱንና ኃጢአቱን ሳይፈራ የሚናገርበት ስፍራ አለ?

3. በአካባቢያችን በሙያቸው ወይም በዘራቸው ምክንያት ማዕድ የማንቈርስላቸው፣ ልጃችንን የማንድርላቸው እነማን ናቸው?

4. በዚህ ሳምንት ከእነርሱ ወደ ማን ቤት ትሄዳላችሁ?

የመጨረሻውን ጥያቄ ስትመልሱ የሰው ስም እንድትጠሩ አደራ እንላለን። ጌታ ይርዳችሁ።