በግቢ ውስጥ የሚሠራ በሴራሚክ የተለበጠ የጥብስ መደብ፦ የአሠራር መረጃ

በግቢ ውስጥ ለሥጋ ጥብስና ለምግብ ማዘጋጃ የሚገነባ መደብ ፀሐይ፣ ዝናብና የከሰል ሙቀት ይፈራረቁበታል። በላዩ የተለጠፈው ሴራሚክ ከአንድ ክረምት በኋላ የሚነሣው ወይም የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ ከሥሩ ውኃ ስለሚቋጥርና ለሙቀት መለጠጫ ክፍተት ስላልተተወለት ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ከሴራሚኩ መልክ አስቀድሞ ከሥሩ ላለው ሥራ ትኩረት ሊሰጥ ይገባል።

ቦታና ፈቃድ

መደቡ ከበርና ከመስኮት፣ ከእንጨት አጥርና ከጋዝ ሲሊንደር ርቆ አየር በሚዘዋወርበት ግልጽ ቦታ ይሠራል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ገዳይ ጋዝ በመሆኑ፣ መደቡን በተዘጋ በረንዳ ወይም በጋራዥ ውስጥ መሥራት አይገባም። ጣሪያ ወይም ግድግዳ የሚጨመርበት ከሆነ፣ ወይም በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ግቢ የሚሠራ ከሆነ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የአካባቢውን የግንባታ ፈቃድ ሰጪ አካልና የነዋሪዎችን ማኅበር መጠየቅ ያስፈልጋል።

መሠረትና ሶሌታ

ዋልካ አፈር ሲርስ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለሆነም ዋልካው ተነሥቶ መሠረቱ በጠንካራ መሬት ላይ ማረፍ አለበት። በመሠረቱ ላይ የብሎኬት ግድግዳ ይቆማል፤ የመደቡ ጠቅላላ ቁመት ከ85 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለሥራ ይመቻል። ሶሌታው ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ኖሮት 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ይዘረጋበታል። የኮንክሪቱ ምጥን 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋና 3 እጅ ጠጠር ነው። የዝናብ ውኃ እንዳይተኛበት በውኃ ልክ እየተለካ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት እንዲያዘነብል ይደረጋል። ኮንክሪቱ ቢያንስ ለ7 ቀናት ውኃ ይጠጣል፤ ሴራሚክ የሚለጠፍበት ግን ከ28 ቀናት በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

ሴራሚክ መለጠፍ

ለግድግዳ የሚሸጠው ቀላል ሴራሚክ ውኃ ስለሚመጥ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሚመረጠው የውኃ ምጠቱ ከክብደቱ 0.5 በመቶ የማይበልጥ ፖርሰሊን ነው። ለውጭ ሥራ የተዘጋጀ ማጣበቂያ በሴራሚኩ ጀርባ ሁሉ ሳይቆራረጥ ይቀባል፤ በአራት ማዕዘንና በመካከል ብቻ ማስቀመጥ ውኃ የሚገባበት ባዶ ቦታ ይተዋል። በሴራሚኮቹ መካከል ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተትቶ ከ24 ሰዓት በኋላ ለውጭ ሥራ በሚሆን መሙያ ይዘጋል።

የእሳቱ ቦታ

ፍም በሴራሚክ ላይ በቀጥታ መቀመጥ የለበትም፤ እሳት በሚችል ሸክላ ጡብ ላይ ያርፋል። ብረት ሲሞቅ ስለሚለጠጥ፣ በመጥበሻው ብረትና በሴራሚኩ መካከል ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዋል።

ርክክብ

የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት እያንዳንዱን ሴራሚክ በሳንቲም ቀስ ብሎ ማንኳኳት ይመከራል። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከሥሩ ያልተያዘ ስለሆነ ተነሥቶ እንደገና ሊለጠፍ ይገባል። ከዚያም ውኃ አፍስሶ የሚተኛበት ቦታ አለመኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በደጋማው የአገሪቱ ክፍል ሥራው ከመስከረም በኋላ ቢጀመር ኮንክሪቱና ማጣበቂያው ከክረምቱ ዝናብ በፊት በሚገባ ይደርቃሉ።