ከክፍለ ሀገር የመጣ ዋንጫ

የመጽሔታችን አዘጋጆች «ከሕክምና ውጪ የሆነ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ ብዙም አላሰብኩም። ተወልጄ ያደግኩት ደባርቅ ነው፤ የተማርኩት ጎንደር ነው። ስለ ኳስ እጽፋለሁ አልኳቸው። አንደኛው ሳቀ። «ዶክተር፣ ኳስ ታውቂያለሽ እንዴ?» አለኝ። ምን ልበላችሁ፣ ሐኪም ሆኜ ቁርጭምጭሚት ከማየቴ በፊት ወንድሞቼ ሜዳ ላይ ቁርጭምጭሚታቸውን ሲሰበሩ ነው ያደግኩት።

ነገሩን ከዳባት ልጀምር። በቲቲፒ ያለፋችሁ ሁሉ ዳባትን አትረሷትም። ከሕክምና፣ ከነርሲንግ፣ ከአካባቢ ጤናና ከላቦራቶሪ የተውጣጣን ተማሪዎች ቀን ቀን ቤት ለቤት እየዞርን መጸዳጃ ቤት ስንቆጥር፣ ማታ ማታ ሬዲዮ ከበን እናመሽ ነበር። ዘመኑ 1996 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሐዋሳ ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ከመካከላችን አንድ የሐዋሳ ልጅ ነበር፤ ዜናው ሲነገር ዘሎ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። የጤና ጣቢያው ዘበኛ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ በሩ ላይ ቆመው አዩትና «የክፍለ ሀገር ቡድንም ይበላል እንዴ?» አሉ። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና «የእኛውስ መቼ ይሆን?» አሉ።

የጋሼ ጥያቄ የዋዛ አልነበረም። ሊጉ በአሁኑ መልኩ ከተጀመረበት ከ1990 እስከ 1995 ዓ.ም. ዋንጫው ከቅዱስ ጊዮርጊስና ከመብራት ኃይል እጅ አልወጣም ነበር። ሁለቱም የአዲስ አበባ ናቸው። ገንዘቡም፣ ሜዳውም፣ ጋዜጠኛውም፣ ፌዴሬሽኑም እዚያው ነው። በክፍለ ሀገር ጎበዝ ልጅ ከወጣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ መሀል ይሄዳል። እኛ ሐኪሞቹስ ምን አደረግን? ያው አይደል!

ጣሊያኖች ለእንዲህ ዓይነት ክለብ ልዩ ስም አላቸው። ከሚላን፣ ከቱሪንና ከሮም ታላላቆች ውጪ ያለውን የትንሽ ከተማ ቡድን «ፕሮቪንቻሌ» ይሉታል፤ እንደ እኛው «የክፍለ ሀገር» መሆኑ ነው። ቃሉ ንቀትም አለበት፣ ፍቅርም አለበት። በ1977 ዓ.ም.፣ እኛ በድርቁ ስንታመስ በነበረበት ዓመት፣ ቬሮና የሚባለው የክፍለ ሀገር ቡድን በአሠልጣኝ ኦስቫልዶ ባኞሊ እየተመራ የጣሊያንን ሻምፒዮና አሸነፈ። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ቬሮና ይህን ዋንጫ አላገኘም። የከተማው ሰው ግን ያንን ዓመት እስካሁን እንደ ትናንት ያወራዋል።

ጣሊያንን ያነሳሁት ለወጉ ብቻ አይደለም። ለእኛ ለደባርቅ ልጆች ጣሊያን ከመጽሐፍ በፊት የምናውቀው በመንገድ ነው። ከጎንደር ተነስቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ የሚወርደው መንገድ የተሠራው በወረራው ዘመን ነው። ወልቀፊት ላይ የመሸገው የኮሎኔል ጎኔላ ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ለወራት ተከቦ ቆይቶ መስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ጄኔራል ናዚ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው በኅዳር ነው፤ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ግዛት ያበቃውም እዚሁ እኛ አገር ነው። ልጆች ሆነን ጉድጓድ ባየን ቁጥር «የጣሊያን ምሽግ ነው» እንባል ነበር። አንዳንዱ እውነት ነበር።

በኳሱም በኩል ጣሊያን አሻራውን ትቷል፤ ሁሉም ግን የሚያኮራ አይደለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በእነ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ተመሠረተ። ብዙም ሳይቆይ ወራሪው አዲስ አበባ ገባ። በወረራው ዓመታት የክለቡ ስም «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ፤ ነጩና ሐበሻውም በየፊናው እንዲጫወት ተደረገ። ከነፃነት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው ውድድር ጊዮርጊስ የተጋጠመው ከእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን፣ ከአርመኖቹ አራራት፣ ከግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስና ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ ጋር ነው። ትናንት አብረህ እንዳትጫወት የከለከለህን ሰው ዛሬ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሕግ መግጠም ቀላል ነገር አይመስለኝም።

ጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። አሥመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። ወንድሙ ኢታሎም በዚያው ቡድን ውስጥ ተጫውቷል። ሉቺያኖ ለድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫውቷል፤ ይኸውም የክፍለ ሀገር ክለብ ነው። በኋላ ወደ ጣሊያን ተሰደደ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ እዚያው አረፈ። በዚያ ዘመን የድሬዳዋና የአሥመራ ክለቦች የአገሪቱን ዋንጫ ከመዲናይቱ ይነጥቁ እንደነበር የዛሬ ወጣት ብዙም አያውቅም። የክፍለ ሀገር ድል አዲስ ነገር አይደለም፤ ተረስቶ ነው እንጂ።

አሁን ወደ ጎንደር ልመለስ። ከነማ የሚለው ቃል ለእኛ ለሐኪሞች መጀመሪያ የመድኃኒት ቤት ስም ነው። ትርጉሙ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ነው። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ ያቋቋመው ማኅበር ነው። ቀበሌው ካርድ ያድላል፣ ዳቦ ያከፋፍላል፣ መድኃኒት ይሸጣል፣ ቡድንም ያቋቁማል። ማኅበሩ ዘመኑ አልፎ ሄደ፤ ስሙ በመድኃኒት ቤቶችና በኳስ ቡድኖች ላይ ቀረ። ስለዚህ ፋሲል ከነማ ሲባል ቡድኑ የነዋሪው ነው ማለት ነው። የፋብሪካ፣ የባንክ ወይም የጦር ሠራዊት አይደለም።

ጎንደር የፋብሪካ ቡድንም ነበራት። ዳሸን ቢራ በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውቷል፤ ስሙንም ያገኘው ከእኛ ከስሜኖች ተራራ ነው። በ2008 ዓ.ም. ዳሸን ቢራ ወረደ፣ በዚያው ዓመት ፋሲል አደገ። ደባርቅ ላይ በዳሸን መውረድ ያለቀሰ ሰው አላየሁም። ለፋሲል ግን ሰዉ በሚኒባስ ተጭኖ መቶ ኪሎ ሜትር ወርዶ ጨዋታ አይቶ፣ በዚያው ሌሊት በብርድ ይመለስ ነበር። ደጋፊው ቡድኑን «አፄዎቹ» ይላቸዋል። በ2011 ዓ.ም. ፋሲል የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሳ። በ2012 የሊጉ ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ።

ከዚያ 2013 ዓ.ም. መጣ። ጨዋታዎቹ በጥቂት ከተሞች ብቻ በዙር ተደረጉ፤ ሱፐርስፖርትም ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አስተላለፋቸው። በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ የተመራው ፋሲል፣ አምበሉን ያሬድ ባየን፣ ማሊያዊውን ግብ ጠባቂ ሚኬል ሳማኬን፣ ሱራፌል ዳኛቸውንና ሙጂብ ቃሲምን ይዞ ውድድሩ ሳያልቅ ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠ። እኔ ያን ቀን ተረኛ ነበርኩ። ስልኬን አውጥቼ ለዚያ ለሐዋሳው ጓደኛዬ ደወልኩ። ገና «ሄሎ» ከማለቴ «ጋሼ ሰሙ?» አለኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አልረሳውም።

አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም። በዚያ ውድድር የመቀሌ፣ የሽሬና የአዲግራት ክለቦች አልነበሩም። ጦርነት ላይ ነበርን። ከሁለት ዓመት በፊት የአገሪቱን ዋንጫ ያነሳው መቀሌ 70 እንደርታ ነበር፤ እሱም የክፍለ ሀገር ቡድን ነው። በደስታችን መካከል ይህን ያነሳ ሰው ጥቂት ነበር። እኔም አላነሳሁም። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። የእኛን ድል አያሳንሰውም፤ ግን አብሮ መጻፍ አለበት።

ደስታውም አልቆየም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ፣ ጭና ተክለሃይማኖት ደረሰ። መጸዳጃ ቤት እየቆጠርን ቡና ያጠጡን ዓይነት ሰዎች፣ በየቤታቸውና በየማሳቸው ተገደሉ። በዚያ ሰሞን እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ቁስለኛ በኮሪደር ላይ ይተኛ ነበር። አንድ ወጣት ገበሬ ጭኑ ተሰብሮ መጣ፤ ሸሚዙን ቀደን ስናወልቅ ከሥሩ የፋሲል ማሊያ ለብሷል። አብሮኝ የነበረው ተለማማጅ ሐኪም መቀሱን ይዞ ቆመ። ልጁ «እሱን አትቅደዱብኝ» አለ። በራሱ በኩል ቀስ አድርገን አወጣንለት። ጊዜ ወሰደብን፤ ሕጉ እንደዚያ አይልም። አልተጸጸትኩም።

መስከረም 2014 መጀመሪያ ላይ ፋሲል በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ተጋጠመ። ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1። ሳይሸነፍ፣ ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ጎል ብልጫ ወደቀ። ያ ልጅ እግሩ በክብደት እንደተሳበ ውጤቱን ጠየቀኝ። ነገርኩት። «አልተሸነፍንማ» አለ። በዚያ ዓመት መጨረሻ ፋሲል በሊጉ ሁለተኛ ሆነ፤ ዋንጫው ወደ ጊዮርጊስ ተመለሰ።

አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ስለሚካሄድ የክፍለ ሀገር ቡድን በክፍለ ሀገሩ አይጫወትም። የፋሲለደስ ስታዲየም አጠገብ የሚያድግ ሕፃን ቡድኑን እንደ እንግሊዝ ክለብ በቴሌቪዥን ነው የሚያየው። ለደባርቁም ሚኒባስ መሳፈር ቀርቷል። የአካባቢው ሰላም ማጣትም ተጨምሯል። ደጋፊው ሜዳ ካልገባ የነዋሪዎች ማኅበር የሚለው ስም ምን ይሆናል? የከተማ አስተዳደር በጀት ብቻ ቡድን አያቆምም።

የእኛም ትምህርት ቤት እኮ የክፍለ ሀገር ነው። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጁ የተከፈተው፣ ደምቢያ ላይ ወባ ሕዝቡን ከጨረሰ በኋላ፣ ባለሙያ ከመሀል እስኪመጣ መጠበቅ እንደማያዋጣ ስለታወቀ ነው። እዚሁ ሠልጥኖ እዚሁ የሚሠራ ሰው ተፈለገ። የጋሼ ጥያቄ ለእኛም ነበር ማለት ነው።

ያ ልጅ ዛሬ በትንሽ ማንከስ ይሄዳል። ባለፈው በደባርቅ ገበያ አገኘሁትና ሰላም ተባባልን። ሰፈሩ ሜዳ ላይ ልጆች ያሠለጥናል፤ ፊሽካና ሁለት ኳስ አለው፣ አንዱ ፈንድቷል። ለዘንድሮው መሰባሰባችን ወደ ጎንደር የምትመጡ፣ ሰላም ከሆነ እስከ ደባርቅ ውጡ። ኳስ ይዛችሁ ኑ።