አሥር ነጠብጣብ፣ ሦስት የጥያቄ ምልክት

እስቲ ቡናው እስኪፈላ ልንገራችሁ። እዚህ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ቤቱን ሴራሚክ ያስነጠፈ ሰው አይጠፋም፤ አንጣፊውን ጠይቁት። ባለ አራት ማዕዘን ይገጥማል፣ ባለ ስድስትም ይገጥማል። አምስት ጎኑም አምስት ማዕዘኑም እኩል የሆነ ሴራሚክ አምጥታችሁ ንጠፍልኝ ብትሉት ግን፣ ቢያገላብጠው ቢያዟዙረው ክፍተት ይተርፈዋል። የክሪስታል ሊቃውንት ሕግም ይኸው ነበር፤ አቶሞች አንድ ዓይነት ድርድር እየደጋገሙ ከሄዱ አምስትም አሥርም ማዕዘን አይወጣቸውም።

መጋቢት 30 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ። ዳን ሼክትማን የሚባል እስራኤላዊ፣ ቀልጦ በቅጽበት የቀዘቀዘ የአሉሚኒየምና የማንጋኒዝ ቅይጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያያል። ኤሌክትሮኑ ቅይጡን ሰንጥቆ ሲያልፍ በአቶሞቹ አደራደር ልክ ይበተንና ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል፤ ዲፍራክሽን የሚሉት እሱን ነው። ሼክትማን ቆጠረ። ከመሃሉ እኩል የራቁ አሥር ደማቅ ነጠብጣቦች! ደብተሩ ላይ አሥር ብሎ ጻፈና ሦስት የጥያቄ ምልክት ደረደረበት።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ገምጋሚ የሚባል ሳይመጣበት የገምጋሚውን ጥያቄ ራሱ ጠየቀ። ተራ ክሪስታሎች መንታ ሆነው ተጣብቀው ካደጉ፣ የየራሳቸው ነጠብጣብ ተደራርቦ አሥር ማዕዘን ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ጨረሩን አጥብቦ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየመረጠ አየ። መንታ ቢሆኑ አንደኛው ለብቻው የሚታይበት ቦታ ይገኝ ነበር። አልተገኘም።

የሚሠራበት ቡድን አለቃ የመማሪያ መጽሐፍ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት፤ እስቲ አንብብ ለማለት። ቆይቶም ከቡድኑ ውጣ ተባለ። በ1976 ክረምት ከኢላን ብሌክ ጋር ያዘጋጀው ጽሑፍ ለአንድ የፊዚክስ መጽሔት ተላከ፤ ተመለሰ። ከዚያ ጆን ካንና ዴኒስ ግራቲያስ ተጨምረው አራት ሆነው ሌላ ጻፉ፤ ኅዳር 3 ቀን 1977 ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ ላይ ወጣ። ያን ኅዳር ወሎ ምን ላይ እንደነበረች ለደሴ ሰው አልነግርም። ኮረም ላይ ሰው በረሃብ እየረገፈ ስለ ክሪስታል ማን ይሰማል?

ከዚህ በኋላ ያለውን በፈረንጅ ዘመን ልቁጠርላችሁ። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ የክሪስታል ሰዎች፣ ኤሌክትሮንህን አናምንም፣ ራጅ አምጣ አሉት። እኔ በዚህ አልወቅሳቸውም፤ መጽሐፉን ካስቀመጠው አለቃ ይሻላሉ። ኤሌክትሮን ከአቶም ጋር አጥብቆ ስለሚላተም ከመውጣቱ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይነጥራል፤ የነጠብጣቡ ድምቀትም ይዛባል። ራጅ ብዙውን ጊዜ አንዴ ነጥሮ ስለሚወጣ ልኩ ይታመናል። ችግሩ፣ ራጅ ትልቅ ክሪስታል ይፈልጋል፤ የሼክትማን ቅንጣቶች ደግሞ በዓይን አይታዩም። በ1987 ፈረንሳይና ጃፓን ውስጥ ለራጅ የሚበቃ ክሪስታል ተገኘ። ራጁም ያንኑ አሳየ።

ዛሬም ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አንድ ተማሪ የኤሌክትሮን ዲፍራክሽን ውጤቱን ለመጽሔት ቢልክ ከገምጋሚዎች ጥያቄ አያመልጥም። የስህተት መለኪያህ ከራጁ ለምን ከፍ አለ? ክሪስታሉን ከየትኞቹ አቅጣጫዎች አየኸው? መንታ አለመሆኑን በምን አወቅህ? የኤሌክትሮን ጠባዩ ነው ብሎ መመለስ አያዋጣም። ከሌላ ቅንጣት የተለካ መረጃ ይጨምር፤ የጣላቸው ምስሎች ካሉም ለምን እንደጣላቸው ለገምጋሚዎቹ ይንገር።

ሁለት ኖቤል የወሰደው ሊነስ ፖውሊንግን ግን ያ የ1987ቱ ራጅም አልመለሰውም። መንታ ናቸው አለ፤ ስሌት እየጨመረ፣ ጽሑፍ እያሳተመ። የዓለም አቀፉ የክሪስታሎግራፊ ኅብረት በ1992 የክሪስታልን ፍቺ ለወጠ፤ ድርድሩ ይደጋገም የሚለው ቀርቶ፣ ጥርት ያለ ዲፍራክሽን የሚሰጥ ጠጣር ሁሉ ክሪስታል ተባለ። ፖውሊንግ መንታ ናቸው እንዳለ በ1994 ሞተ። ሼክትማን በ2011 የኬሚስትሪ ኖቤልን ብቻውን ወሰደ።