ዶሪስ ዴይ፤ ከተሰበረ እግር እስከ ካርሜል

የመጽሔቱ አዘጋጆች «ስለ ሕክምና ያልሆነ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ ወዲያው ትዝ ያለችኝ ዶሪስ ዴይ ናት። የክፍል ጓደኞቼ ይህን ሲያነቡ እንደሚስቁ አውቃለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ከግቢ ወጥተን የምንሰበሰብባት የአንዲት ጓደኛችን ቤት ነበረች። እዚያ ቤት ከነበሩት ጥቂት የቪዲዮ ካሴቶች አንዱ የሂችኮክ ፊልም ነበር፤ ከቡናው ጋር ስንቴ እንዳየነው እንጃ። ተዋናይዋን ያወቅኳት እዚያ ነው፤ ዘፋኝነቷን ያወቅኩት በኋላ ነው። ስለ ሕክምና ያልሆነ ያሉኝን ግን መጠበቅ እንዳልቻልኩ ከወዲሁ ልናዘዝ። (ዓመቶቹ፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዶሪስ ካፐልሆፍ የተወለደችው በ1922 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ ሲንሲናቲ ከተማ ነው። ለብዙ ዘመን ግን የተወለደችው በ1924 ነው ሲባል ኖሯል። እውነቱ የታወቀው በ2017 የልደት ምስክር ወረቀቷ ሲገኝ ነው፤ 93 ይሞላታል ሲባል 95 ሆኖ ተገኘ። በካርድ ላይ «ዕድሜ» የሚለውን ቦታ በግምት ሞልተን ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ብዙም አይደንቅም።

ሕልሟ ዳንስ ነበር። በልጅነቷ ከአንድ ልጅ ጋር ጥንድ ሆና ተወዳድራ 500 ዶላር አሸንፋለች፤ ወደ ሆሊውድ ለመሄድ ጓዝ ይሰናዳ ነበር። ኦክቶበር 1937፣ ልጅቱ 15 ዓመቷ፣ ከጓደኞቿ ጋር የተሳፈረችበትን መኪና ሃሚልተን ላይ ባቡር መታው። ቀኝ እግሯ ተሰባበረ። ጄሶ፣ አልጋ፣ ክራንች፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ስብራት የሚጠይቀውን ወራት አጥንት ሐኪሞቻችን ይገምቱታል። ሊሻላት ሲል ደግሞ በሙዚቃ ካልተወዛወዝኩ ብላ በክራንቿ ስትሞክር ወደቀችና እንደገና ተሰበረች። (እንዲህ ዓይነት ታካሚ ያልገጠመው ማን አለ?)

ወደ ዘፈን ያመጣት ይሄ ሁለተኛው መኝታ ነው። ሬዲዮ ታዳምጣለች፤ ኤላ ፊትዝጄራልድ ስትዘፍን እሷም ከሥር ከሥር ትከተላለች፤ ኤላ ቃሉን እንዴት እንደምትጥለው፣ የት እንደምትተነፍስ ትለማመዳለች። እናትየዋ ይህን ሰምታ አስተማሪ ፈለገችላት። ብዙም ሳይቆይ ባርኒ ራፕ የሚባል የባንድ መሪ ቀጠራት፤ «ካፐልሆፍ» ለማስታወቂያ ሰሌዳ ይረዝማል ብሎ፣ ከምትዘፍነው ዘፈን ርዕስ ወስዶ «ዴይ» አላት። ስሙን ወዳው አታውቅም ይባላል።

እንግዲህ ባንድ ማለት በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ፣ በየሌሊቱ ሥራ ነው። በ19 ዓመቷ ትሮምቦን የሚጫወት ሰው አገባች። እርጉዝ ሆና ይደበድባት ነበር። በ1942 ወንድ ልጅ ወለደች፤ ባልየውን ጥላ ልጁን ለእናቷ ሰጥታ ወደ መንገዱ ተመለሰች። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ከሌስ ብራውን ባንድ ጋር የቀዳችው «ሴንቲሜንታል ጀርኒ» በ1945 የአንደኝነቱን ደረጃ ያዘ። ወደ ቤቱ የሚመለሰው ወታደር ሁሉ የራሱ ዘፈን አደረገው። ድምፅዋን ስሙት፤ አትጮኽም፣ ጆሮዎ ሥር ለእርስዎ ብቻ የምትነግር ነው የሚመስለው። ብዙ ሰው ይሄን ቀላል ነገር ይለዋል። እኔ ግን አንድም ቃል ሳይደበዝዝ ዝግ ብሎ መዝፈን ምን ያህል ትንፋሽ እንደሚጠይቅ ለማወቅ የሳንባ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ፊልም የጀመረችው በ1948 ነው፤ ዳይሬክተሩን ማይክል ከርቲዝን ትወና ሠርቼ አላውቅም ብላ በግልጽ ነግራው ነበር፤ ቀጠራት። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁሉ አልዘረዝርም። የኔ ጉዳይ 1956 ላይ ነው፤ የቅዳሜው ካሴት፣ «ከሚገባው በላይ የሚያውቀው ሰው»።

እዚህ ፊልም ላይ ዶሪስ ዴይ የሐኪም ሚስት ናት። ታዋቂ ዘፋኝ ነበረች፤ ለባሏ ሥራ ስትል መድረኩን ትታለች። ማራኬሽ ላይ ልጃቸው ይታፈናል። ባልየው፣ ጄምስ ስቱዋርት ነው፣ ቀድሞ ያውቃል። ምን ያደርጋል? ቦርሳውን ከፍቶ ማስታገሻ ያወጣል፤ አስገድዶ ያስውጣታል፤ ክኒኑ መሥራት እስኪጀምር ጠብቆ ይነግራታል። በዚያች ሳሎን ስናየው ሦስተኛ ዓመት ነበርን። ግማሾቻችን «ልክ ነው፣ ባይሰጣት ራሷን ትስት ነበር» አልን። ዛሬ መጥፎ ዜና እንዴት እንደሚነገር ለተማሪዎች ሳስተምር ይህችን ትዕይንት ሳላነሳ አልቀርም። ዶሪስ ዴይ የምትሠራውን ልብ ብላችሁ እዩ፤ ለመነሳት ትታገላለች፣ መድኃኒቱ ወደ ታች ይጎትታታል፣ ቁጣዋና እንቅልፏ ፊቷ ላይ ይጣላሉ። እሷ እኮ ሳቂታ ብቻ ናት ለሚሉ መልሴ ይሄ ነው። የሚገርመው፣ ሂችኮክ በቀረጻው ምንም ስለማይላት አልወደደኝም ብላ ተጨንቃ ነበር። ስትጠይቀው፣ ዝም ያለው የሚታረም ነገር ስላላየባት መሆኑን ነገራት።

«ኬ ሴራ ሴራ»ም የዚሁ ፊልም ነው። የልጆች ዘፈን ነው ብላ ልትቀዳው አልፈለገችም፤ ለመገላገል ያህል አንድ ጊዜ ዘፍና ወጣች። ዘፈኑ ኦስካር ወሰደ፣ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻም አልለቀቃት።

በ1960፣ ከዚያም ከ1962 እስከ 1964 በተከታታይ፣ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ብዙ ተመልካች በመሳብ አንደኛዋ እሷ ነበረች። ከሮክ ሃድሰን ጋር ሦስት አስቂኝ ፊልሞች ሠርተዋል። የመጨረሻው በ1964 የወጣው «አበባ እንዳትልኩልኝ» ነው፤ ሃድሰን ሳይታመም ልሞት ነው ብሎ የሚጨነቅ ባል ሆኖ ይጫወታል። ይህን ያዙልኝ።

በ1968 ሦስተኛ ባሏ፣ ሥራ አስኪያጇም ማርቲን ሜልቸር ሞተ። ያኔ ነው ጉዱ የወጣው። የሃያ ዓመት ገቢዋ በባሏና በጠበቃው እጅ ጠፍቷል፤ ይባስ ብሎ የዕዳ ሸክም አለባት። ሳይነግራትም የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ውል ፈርሞባታል። ሐዘን ላይ ሆና ገብታ ሠራችው፤ አምስት ዓመት። ጠበቃውን ከሳ በ1974 ወደ 23 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደላት፤ እጇ የገባው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ከዚያ በኋላ ካርሜል በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ከውሾቿ ጋር ተቀመጠች።

በ1985 ስለ እንስሳት የሚያወራ የኬብል ቴሌቪዥን ፕሮግራም ልትጀምር ስትል፣ የድሮ ጓደኛዋን ሮክ ሃድሰንን የመጀመሪያ እንግዳዬ ሁን አለችው። ጁላይ ላይ ካርሜል መጣ። ጋዜጠኞች በር ላይ ይጠብቃሉ። ያ ግዙፍ ሰውዬ ከስቶ፣ ጉንጩ ገብቶ፣ ልብሱ ሰፍቶት፣ አንገቱ ሸሚዙ ውስጥ ጠፍቶ መጣ። ቀረጻው አለ፤ ማየት ይቻላል። እኔ ሳየው አንዴ በጨረፍታ በቂዬ ነበር፤ ይህን መልክ ዋርድ ውስጥ ያላየ የኔ ዘመን ሐኪም የለም። እሷ ሮጣ አቀፈችው፣ ሳመችው፣ ጉንጯን ጉንጩ ላይ አድርጋ ቆመች። ምን እንዳመመው አታውቅም ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፓሪስ ላይ ወደቀ፤ ጁላይ 25 ኤድስ እንዳለበት ለዓለም ተነገረ። ኦክቶበር 2 ሞተ፤ 59 ዓመቱ ነበር።

እንግዲህ ያን ዓመት አስቡት። ቫይረሱ ከታወቀ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የደም ምርመራው ፈቃድ ያገኘው በዚያው ዓመት ማርች ላይ ነው። ሃድሰን በአንድ ድራማ ላይ ተዋናይት በመሳሙ ሆሊውድ ተሸብሮ ነበር። ዶሪስ ዴይ ግን ፕሮግራሙን አልደበቀችውም፤ ከሞተ በኋላ ራሷ መግቢያ ተናግራ፣ ስለ እሱ በፍቅር አውርታ እንዲታይ አደረገች።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ኢንተርን የነበርኩት የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሳይጀምር ነው፤ በአገራችን አቆጣጠር 1997 ነው የተጀመረው። ዋርዱ መጨረሻ አልጋ ላይ በኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ተኝታ ነበር። ራውንድ ላይ ሁላችንም እግርጌዋ ቆመን እናልፋለን። እንዴት እንደሚተላለፍ፣ እንዴትም እንደማይተላለፍ በፈተና ተጠይቄ ሙሉ ውጤት አግኝቻለሁ። አንድ ዲውቲ ሌሊት የደም ግፊቷን ልለካ ስሄድ ጓንት በጓንት ላይ አደረግኩ። እጄን አይታ፣ «ዶክተርዬ፣ በርዶሽ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም፤ በሳምንቱ አልጋው ባዶ ነበር። የካርሜሉን ቀረጻ ባየሁ ቁጥር የማየው የሃድሰንን ፊት ብቻ አይደለም፤ የዶሪስ ዴይን ባዶ እጅ ጀርባው ላይ ነው። እሷ አታውቅም ነበር፤ እኔ ግን አውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልሠራችም። በ2004 የፕሬዚዳንቱ የነጻነት ሜዳሊያ ሲሰጣት አውሮፕላን ስለምትፈራ አልሄደችም። በዚያው ዓመት አንድ ልጇ ሞተ። በ2011 እሱ ያቀናበራቸው የቆዩ ቅጂዎች ያሉበት አልበም ወጥቶ እንግሊዝ ውስጥ ከአሥሮቹ መካከል ገባ፤ ልትሞላ ዘጠና ትንሽ ነበር የቀራት። ሜይ 13፣ 2019 ቤቷ ውስጥ በሳንባ ምች ሞተች። የቀብር ሥነ ሥርዓትም ሆነ የመቃብር ድንጋይ እንዳይኖር አዛ ስለነበር አልተደረገም።

ካሴቱ ያለሽ ጓደኛዬ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ለዘንድሮው መገናኛችን ይዘሽው ነይ። ማጫወቻውን እኔ እፈልጋለሁ።