የእናቴ ዕድሜ

ባለፈው ኅዳር 13 ቀን እናቴ ቤት ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። ልጆቼ ሻማ ቢያጡ ጧፍ አበሩ። እናቴ «ጧፍ የሚበራው ለታቦት ነው፣ እኔ ምኑ ነኝ!» ብላ ሳቀች፤ ቢሆንም እፍ ብላ አጠፋችው። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ የልደት በዓል ነበረች። እስከዚያ ድረስ ዕድሜዋን የሚጠይቃት ሁሉ የሚያገኘው መልስ «እኔ ምን አውቄ» የሚል ነበር፤ መታወቂያዋ ላይ ያለውም ዓመት በግምት የተጻፈ ነው።

ልደት ማክበር ከውጭ የመጣ ነገር ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነቱ ግማሽ ነው። በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን እናቶቻችን ደጅ ወጥተው፣ ንፍሮ ቀቅለው፣ ቡና አፍልተው ከጎረቤት ጋር የሚያከብሩት ልደታ የእመቤታችን የልደት ቀን ነው። ገናም ልደት ነው። በዘውዱ ዘመን ሐምሌ 16 የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልደት ሆኖ በመላ አገሪቱ ይከበር ነበር። የሌለው የተራው ሰው ልደት ነው። የእኛ ደስታ በየዓመቱ የሚመለስ ሳይሆን ሕፃኑ በመጣ ሰሞን የሚፈጸም ነበር።

ያም ደስታ በሴቶች እጅ ነበር። ምጥ የያዛትን ሴት ከብበው «ማርያም ማርያም» የሚሉ ሴቶች፣ ልጁ ሲወለድ እልል የሚሉ ሴቶች፣ ገንፎውን አገንፍተው መካከሉን በቅቤና በበርበሬ የሚሞሉ ሴቶች ናቸው። ጠያቂዋ ከበር ስትገባ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላለች። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። በብዙ ቦታ እልልታው ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ ነው። እንግዲህ መንደሩ ልጅ መወለዱን ብቻ ሳይሆን ምን እንደተወለደም በጆሮው ሰምቶ ይይዝ ነበር። ወረቀት አልነበረም እንጂ ምስክር ሞልቷል።

ቀኑስ እንዴት ይታወስ ነበር? በሦስት ነገር ነው። አንደኛው ታቦቱ ነው፤ «በሚካኤል»፣ «በኪዳነ ምሕረት ማግስት» ይባላል። ሁለተኛው ወንጌላዊው ነው። ዘመናችን በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ስም በየአራት ዓመቱ ይዞራል። በሉቃስ ዓመት መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን፣ በስድስተኛዋ ቀን የተወለደ ሰው ልደቱን የሚያገኛት በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሦስተኛው አገር የሚያውቀው ነገር ነው። ያለፉት አያቶቻችን በክፉ ቀን፣ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፣ በ1928 የጣሊያን መምጣት፣ ወይም ንጉሡ በ1933 ከስደት ሲመለሱ በኦሜድላ ገብተው በደብረ ማርቆስ በኩል ባለፉበት ዓመት ይቆጥሩ ነበር።

የእናቴን ዓመት ያገኘነው በዚሁ ስሌት ነው። አያቴ በሕይወት ሳለች ደጋግማ የምትለው ነበር፤ «የግብሩ ጊዜ፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ የኅዳር ሚካኤልን ድግስ አንሥተን ሳናበቃ በማግስቱ ምጥ ያዘኝ።» የኅዳር ሚካኤል 12 ነው፤ ማግስቱ 13። የግብሩ ጊዜ የምትለው ደግሞ የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ የተነሣበትን ነው። ነገሩ በ1960 ተነሥቶ እስከ 1961 ዘልቋል። ከሁለቱ የትኛው? ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለአራት ማካፈል ነው። ትርፉ 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ትርፍ ከሌለው ዮሐንስ ነው። 1960 ትርፍ የለውም፤ የ1961 ትርፍ 1 ነው። እናቴ ኅዳር 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ተወልዳለች።

ልጆቹ አጨበጨቡ። እናቴም ደስ ብሏት ዝም ብላ ቆየችና በጣቷ መቁጠር ጀመረች። የተዳረችው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ በዓመት ተመንፈቁ፣ በጥር ነው። ፊደል ቆጥራ ስሟን መጻፍ በጀመረችበት ሰሞን ስለሆነ አትረሳውም። ዘመቻው የተጀመረው ሐምሌ 1971 ነው። ስለዚህ ሠርጓ ጥር 1973 ይሆናል።

«አሥራ ሁለት» አለች። ጥቂት ቆይታም «ለካ ልጅ ነበርኩ» አለች።

በዚያን ጊዜም ሕግ ነበረ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ ከ15 ዓመት በታች እንዳትዳር ይከለክላል። ሽማግሌዎቹ ግን ቁመቷን አይተው «ደርሳለች» አሉ። ለእርሷ የሚመሰክር ወረቀት አልነበረም። አያቴ ቀኑን ታውቅ ነበር፤ የሴት ቃል ግን ከማጀት አልፎ ሽማግሌ ፊት አልደረሰም።

ዛሬ የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ነው፤ በ1992 በወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግና በ1995 በወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ተደንግጓል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ወጥቶ ሥራው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ተጀመረ። ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የሴት ልጅ ክርስትና በ80 ቀን መሆኑን አስቡት እኅቶች። ክርስትናዋን ደግሳችሁ ስትጨርሱ ለምዝገባው የቀራችሁ ዐሥር ቀን ብቻ ነው። ከክርስትናው በፊት ማስመዝገብ ይሻላል። «ስንት ዓመቷ ነው?» የሚል ክርክር ሲነሣ ቁመቷን የሚያይ ሽማግሌ ሳይሆን ወረቀቷ ይመልስ።

ለታላላቆቻችንም አንድ ሥራ አለብን። እናቶቻችሁን ጠይቁ። በየትኛው ታቦት፣ በየትኛው ወንጌላዊ፣ በምን ዘመን እንደተወለዱ ጻፉላቸው። ቀኗን ስታገኙ ድፎ ድፉ፣ ቡና አፍሉ። ስሌቱ የሚያመጣው ሁሉ ደስታ ላይሆን ይችላል፤ በእኛ ቤትም አልሆነም። እናቴ ግን ማታውን ከመተኛቷ በፊት ደብተርና እስክርቢቶ አስመጥታ፣ በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ፊደል ስሟን ጻፈች። ከሥሩም ኅዳር 13 ቀን 1961 ብላ ጨመረችበት። ወረቀቱን ቀድዳ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።